አበረታች ቅመሞች በስፖርት ውድድር ይፈቀዱ? «በሐኪም ቁጥጥር ሥር» የሚለው መከራከሪያ ሲመረመር

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1960 የተካሄደው የሮም ኦሊምፒክ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚታወሰው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን የወርቅ ሜዳሊያ ባገኘበት ድል ነው። ከዚያ ድል 15 ቀናት ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 26 ቀን፣ በዚያው ከተማ የተፈጸመው አሳዛኝ ሁኔታ ግን ብዙም አይወሳም። ክኑድ ኤነማርክ የንሰን የተባለ የ23 ዓመት ዴንማርካዊ ብስክሌተኛ የ100 ኪሎ ሜትር የቡድን ውድድር በማድረግ ላይ ሳለ በከባድ ሙቀት ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ የራስ ቅሉም ተሰበረ፤ በዚያው ዕለት ሕይወቱ አለፈ። የሕክምና መርማሪዎች የሞቱን ምክንያት በሙቀት የመመታት አደጋ ነው ሲሉ ደመደሙ። አምፌታሚን ወስዶ ነበር የሚለው አባባል እስከ ዛሬ እንዳከራከረ ይገኛል። የቡድኑ አሠልጣኝ ግን የደም ሥርን የሚያሰፋ መድኃኒት ለብስክሌተኞቹ መስጠቱን ለመርማሪዎች ተናግሮ ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን 1967 (እ.ኤ.አ.)፣ ቶም ሲምፕሰን የተባለው እንግሊዛዊ ብስክሌተኛ በፈረንሳይ ዙር ውድድር የሞን ቫንቱን ተራራ በመውጣት ላይ እንዳለ ሞተ። በዚህኛው ግን ጥርጥር አልነበረም፤ በአስከሬን ምርመራው አምፌታሚንና አልኮል ተገኝተዋል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሕክምና ኮሚሽኑን ያቋቋመው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ በ1968 በግረኖብልና በሜክሲኮ ኦሊምፒኮች የመጀመሪያው ምርመራ ተካሄደ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ክልከላው እየጠበቀ፣ የመመርመሪያው ዘዴም እየረቀቀ ቢሄድም አበረታች ቅመሞችን መጠቀም አልቀረም። በመሆኑም «መከልከሉ ካልሠራ፣ ገደብ ተበጅቶለት በሐኪም ቁጥጥር ሥር ለምን አይፈቀድም?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። ጥያቄው የስፖርት ብቻ አይደለም። «በሐኪም ቁጥጥር ሥር» ሲባል መርፌውን የሚይዘው፣ መጠኑን የሚወስነውና ለደኅንነቱ ዋስ የሚሆነው የጤና ባለሙያው ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው።

ይፈቀዱ የሚሉት ወገኖች ምን ይላሉ?

መከራከሪያው በተሟላ መልኩ ከቀረበባቸው ጽሑፎች አንዱ ጁልያን ሳቩሌስኩና ሁለት ባልደረቦቹ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ነው። ሐሳቡ በአጭሩ አራት ነጥቦች አሉት።

አንደኛ፣ ተፈጥሮ ራሷ እኩል አላደረገችም። ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ በ1964 በኢንስብሩክ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤተሰቡ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሰውነቱ ለኢሪትሮፖይቲን ሆርሞን ከመጠን በላይ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርግ የዘር ለውጥ እንደነበረው ታውቋል። በተፈጥሮ የተገኘው ብዙ ቀይ የደም ሴል ከተፈቀደ በመድኃኒት የተገኘው ለምን ይከለከላል? የሚል ነው ጥያቄው። ሁለተኛ፣ በከፍተኛ ቦታ መለማመድም ሆነ አየሩ በሣሣ ድንኳን ውስጥ ማደር ሄሞግሎቢንን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱም አልተከለከሉም። ሦስተኛ፣ ክልከላው ተጠቃሚውን ወደ ስውር ገበያ ይገፋዋል፤ በዚያም የሚገኘው ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒትና ንጽሕናው ያልተጠበቀ መርፌ ነው። አራተኛ፣ መከታተል የሚገባው መድኃኒቱን ሳይሆን ጤናን ነው፤ ለምሳሌ የሄማቶክሪት መጠን ከ50 በመቶ እስካላለፈ ድረስ በምን እንደተገኘ መጠየቅ አያስፈልግም ይላሉ።

እነዚህ ነጥቦች በዋዛ የሚታለፉ አይደሉም። ሦስተኛው በተለይ የጤና ባለሙያዎች በሌሎች ዘርፎች ከሚቀበሉት ጉዳትን የመቀነስ መርሕ ጋር ይዛመዳል። ከሁሉ ይበልጥ ክብደት ያለው ግን አራተኛው ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ የሚቆሙት «ደኅና ገደብ አለ» በሚለው በዚህ ላይ ስለሆነ።

ደኅና ገደብ አለን? የኢፒኦ ምሳሌ

ኢሪትሮፖይቲን፣ በአጭሩ ኢፒኦ፣ በአብዛኛው ኩላሊት የሚያመነጨውና የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን እንዲሠራ የሚያዝዝ ሆርሞን ነው። በፋብሪካ የተሠራው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ፤ ኩላሊታቸው ለደከመ ሕሙማንም ደም በየጊዜው ከመለገስ የሚያሳርፍ ትልቅ እፎይታ ሆነ። ይኸው መድኃኒት ጤናማ በሆነ ሯጭ ወይም ብስክሌተኛ ሲወሰድ ወደ ጡንቻ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይጨምራል። የኦሊምፒክ ኮሚቴው በ1990 ቢከለክለውም ተቀባይነት ያለው መመርመሪያ የተገኘው ለ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል ክልከላ እንጂ መመርመሪያ አልነበረም ማለት ነው።

የኢፒኦ አደጋ ለሐኪም እንግዳ አይደለም። ቀይ የደም ሴል በበዛ ቁጥር ደም ይወፍራል። ረጅም ውድድር ላይ ላብ ሲጨመርበት ፈሳሹ ይቀንስና ውፍረቱ ይብሳል። የደም ግፊት መጨመር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክና የልብ ድካም ይከተላሉ ተብሎ ይፈራል። አልፎ አልፎም ሰውነት በመድኃኒቱ ላይ የሚያመነጨው ፀረ እንግዳ አካል የራሱን ሆርሞን ጭምር አጥቅቶ ቀይ የደም ሴል መሥራትን ጨርሶ ሊያስቆም ይችላል።

ከሕሙማን የተገኘው ትምህርት ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በወጣ፣ 1,432 የኩላሊት ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲ ሊትር 13.5 ግራም እንዲደርስ የታከሙት 11.3 ግራም ከተወሰነላቸው ይልቅ ለሞት፣ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይበልጥ ተጋልጠዋል። በ2009 የወጣውና ከ4,000 በላይ የስኳርና የኩላሊት ሕሙማን የተካፈሉበት ሌላ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን ከወሰዱት 5 በመቶ፣ ካልወሰዱት 2.6 በመቶ በስትሮክ መያዛቸውን አሳየ። ልብ ሊባል የሚገባው 13.5 ግራም ለጤናማ ሰው ከፍ ያለ መጠን አለመሆኑ ነው። ጤናማ ወጣት ሯጭ እንደ ኩላሊት ሕመምተኛ አይደለም፤ ውጤቱንም እንዳለ ወደ እርሱ ማዛወር አይቻልም። ሆኖም «ቁጥሩ ደኅና ከሆነ ሰውየውም ደኅና ነው» የሚለው እምነት በሐኪም ቁጥጥር ሥር፣ በሆስፒታል ውስጥ እንኳ ሳይሠራ እንደቀረ ያስረዳል።

በጤናማ ብስክሌተኞች ላይ የተደረገ ጥሩ ጥናትም አለ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ በላንሴት ሄማቶሎጂ የታተመው የሆላንድ ጥናት 48 ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞችን በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ ኢፒኦ፣ ለግማሾቹ ደግሞ ፍቱን ያልሆነ ተመሳሳይ መርፌ ሰጠ። በቤተ ሙከራ በተደረገ ከፍተኛ የጉልበት ፈተና ልዩነት ቢታይም፣ ሲምፕሰን በሞተበት በዚያው በሞን ቫንቱ በተደረገው ውድድር ሁለቱ ቡድኖች በሰዓት አልተለያዩም። አንዳንዶች ይህን «ጥቅሙ የተጋነነ ነው» ለማለት ይጠቅሱታል። ተሳታፊዎቹ ግን በከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደሩ ባለመሆናቸው መደምደሚያው ወደ ኦሊምፒክ አይሻገርም። ስለ ደኅንነትም ቢሆን ከ24 ሰዎች የሚገኘው ማስረጃ ጥቂት ነው። በ24 ሰዎች ላይ አንድም ከባድ ጉዳት ባይደርስ እንኳ፣ በተለመደው የስታቲስቲክስ ስሌት እውነተኛው አደጋ ከመቶ እስከ 12 ሊደርስ እንደሚችል አይካድም። ለብዙ ዓመት፣ ከሌሎች ቅመሞች ጋር ተደባልቆ የሚወሰደውን መድኃኒት ደኅና ነው ለማለት የሚያበቃ ጥናት የለም፤ ጤነኛ ሰውን ያለ ሕመሙ ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለሚሆንም ሥነ ምግባሩን ጠብቆ ማካሄዱ ይከብዳል።

ከዚህም ሌላ አንድ ቁጥር ለሁሉ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን አማካይ መጠን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በባሕር ጠለል አጠገብ ከሚኖር ሕዝብ ብዙም የማይለይ ሲሆን፣ በአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖሩት ሰዎች ሄሞግሎቢን ግን እጅግ ከፍ ያለ ነው። ጥናቱ በሯጮች ላይ የተደረገ አይደለም። ሆኖም የሰው ልጅ ሰውነት ለአንድ ችግር የተለያየ መፍትሔ እንዳለው ያሳያል። የሁሉም ጣራ 50 በመቶ ይሁን ሲባል፣ በተፈጥሮው 42 በመቶ የሆነው ስምንት ነጥብ በመድኃኒት እንዲገዛ ይፈቀድለታል፤ በተፈጥሮው 49 የሆነው ግን አንድ ብቻ። ገደቡ እኩልነትን ያመጣል የተባለው ተገላቢጦሽ ሆኖ፣ ብልጫውን ከልምምድና ከተፈጥሮ ወስዶ ለመድኃኒቱ ይሰጠዋል።

የ50 በመቶው ገደብ ታሪክ

«ገደብ ይበጅለት» የሚለው ሐሳብ በከፊል ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም አቀፉ ብስክሌት ማኅበር፣ ኢፒኦን በቀጥታ መለየት ስላልተቻለ፣ ሄማቶክሪቱ ለወንዶች ከ50፣ ለሴቶች ከ47 በመቶ ያለፈ ተወዳዳሪ ለ15 ቀናት እንዲያርፍ ደነገገ። ዕረፍቱ ቅጣት ሳይሆን የጤና ጥበቃ ነው ተባለ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ገደቡ ጣራ መሆኑ ቀርቶ ግብ ሆነ። ቡድኖች ተንቀሳቃሽ የደም መለኪያ መሣሪያ ይዘው እየዞሩ የተወዳዳሪዎቻቸውን ሄማቶክሪት ከ50 ጥቂት ዝቅ አድርገው ማቆየትን ተለማመዱ። መርማሪ ሲመጣም ደምን ለማቅጠን በጥድፊያ ግሉኮስ ወይም የጨው ውሃ ይሰጣቸው ነበር። በሐምሌ 1998 የፌስቲና ቡድን ሠራተኛ በመኪናው ብዛት ያለው ኢፒኦና ሌላ መድኃኒት ይዞ በፈረንሳይና በቤልጂግ ድንበር ሲያዝ፣ ነገሩ የጥቂት ግለሰቦች ጥፋት ሳይሆን በሐኪሞችና በረዳቶች የሚመራ አሠራር መሆኑ ተጋለጠ። በ2012 ከሰባት የፈረንሳይ ዙር ድሎቹ የተሻረው ላንስ አርምስትሮንግም የዚያ ዘመን ሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጥፋቱን በራሱ አንደበት አምኗል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ገደቡ የትም ቢደረግ ጥቅሙ ያለው ከገደቡ ማዶ ነው። ስለዚህ ቢፈቀድም ምርመራው፣ ማጭበርበሩና ስውር ገበያው አይቀሩም፤ ልዩነቱ ሁሉም ተወዳዳሪ ከተፈቀደው መጠን መነሣቱ ብቻ ነው።

«በፈቃዱ ነው» የሚባለው

ዐዋቂ ሰው በገዛ ሰውነቱ ላይ የመወሰን መብት አለው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በውድድር ውስጥ የአንዱ ፈቃድ የሌላው ግዴታ ይሆናል። ሯጭ ሁሉ ሲወስድ አልወስድም ያለው ከሜዳው ይወጣል። እንጀራው በእግሩ ላይ ለተመሠረተ፣ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ውድድር ሽልማት ለሚረዳ ወጣት ምርጫው ስም ብቻ ይሆናል።

የሐኪም ቁጥጥር ይህን ያለዝበዋል ለሚሉም የምሥራቅ ጀርመን ታሪክ መልስ ይሰጣል። በዚያ አገር ከ1974 ጀምሮ መንግሥት በነደፈው ምሥጢራዊ ዕቅድ ኦራል ቱሪናቦል የተባለው ስቴሮይድ ለሺህ ለሚቆጠሩ ስፖርተኞች ታደለ። የተጎጂዎቹ ጠቅላላ ቁጥር እስከ 10,000 እንደሚደርስ ይገመታል። መጠኑን የሚወስኑት ሐኪሞች፣ ናሙናውን የሚመረምረው የመንግሥት ቤተ ሙከራ፣ መዝገቡም የተሟላ ነበር። ቁጥጥር ከተባለ ከዚህ የበለጠ አይገኝም። ከተቀባዮቹ መካከል ግን ቫይታሚን ነው ተብለው የሚውጡ ዕድሜያቸው ለጉርምስና ያልደረሰ ልጃገረዶች ነበሩበት። ድምፃቸው ጎረነነ፣ ፀጉር አበቀሉ፣ የወር አበባቸው ተዛባ፤ አንዳንዱ ለውጥ መድኃኒቱ ከተቋረጠ በኋላም አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ2000 የበርሊን ፍርድ ቤት የስፖርቱን የበላይ ባለሥልጣንና የስፖርት ሕክምናውን ይመራ የነበረውን ሐኪም በአካል ጉዳት ተባባሪነት ጥፋተኛ አድርጎ በገደብ እስራት ቀጣቸው። በ2002 ለተጎጂዎች ካሣ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ሐኪሙ ታማኝነቱ ለታካሚው መሆኑ ቀርቶ ለውጤት ሲሆን ቁጥጥር የሚባለው ነገር ማንን እንደሚጠብቅ ከዚህ ይታያል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1981 በሊዝበን ባወጣው የስፖርት ሕክምና መግለጫ ሐኪሞች ይህን መሰሉን ተግባር እንዲቃወሙ የጠየቀው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ክልከላውም እንከን አለበት

ይህ ሁሉ ሲባል ሥራ ላይ ያለው ሥርዓት እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። በ1999 የተቋቋመው የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ድርጅት፣ በሕጉ መሠረት አንድን ቅመም የሚከለክለው ከሦስት መስፈርቶች ሁለቱን ሲያሟላ ነው፤ እነዚህም ብቃትን መጨመሩ፣ ለጤና አደገኛ መሆኑና ከስፖርት መንፈስ ጋር መጋጨቱ ናቸው። ሦስተኛው ለትርጉም የተጋለጠ ነው። ዝርዝሩም ይለዋወጣል፤ ካፌይን ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ወጥቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ስፖርተኛው በሰውነቱ ለተገኘው ሁሉ ኃላፊ ነው የሚለው ድንጋጌ ነው። በሲድኒ ኦሊምፒክ የ16 ዓመቷ ሩማኒያዊት ጂምናስቲከኛ አንድሬያ ራዱካን በግል አጠቃላይ ያገኘችውን የወርቅ ሜዳሊያ የተነጠቀችው የቡድኑ ሐኪም ለጉንፋን በሰጣት እንክብል ውስጥ በነበረው ፕሴውዶኢፌድሪን ምክንያት ነው። ያጠፋው ሐኪሙ፣ ያጣችው ልጅቷ ነበረች። ያው መድኃኒት በ2004 ከዝርዝሩ ወጥቶ በ2010 ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ሲገኝ የሚያስቀጣ ሆኖ ተመለሰ። የፍትሕ ጥያቄው እንዳለ ሆኖ፣ ለጤና ባለሙያ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፤ በችኮላ የተጻፈ የመድኃኒት ማዘዣ የአንድን ወጣት ሙሉ ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ጉዳዩ በኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። በመጋቢት 2016 (እ.ኤ.አ.) የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበር የቁጥጥር ሥርዓታቸው አስቸኳይ መሻሻል ያስፈልገዋል ካላቸው አምስት አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ ናቸው። በ2017 መጨረሻ ደግሞ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አንድ ወጣት የማራቶን ሯጭ የተከለከለ ቅመም በመውሰዱ በሦስት ዓመት እስራት ቀጥቷል። ሯጩ ወደ ወኅኒ ሲወርድ መድኃኒቱ በማን እጅ አልፎ እንደሚደርስ መጠየቅ ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ የሕክምናው ሙያ ድርሻ ነው።

በዕለት ተዕለት ሥራ ሊታሰቡ የሚገባቸው

ከክሊኒክና ከመድኃኒት ቤት የሚወጡ ብዙ የተለመዱ መድኃኒቶች በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ስለሆነም ወጣትና ጠንካራ ታካሚ ሲቀርብ «በውድድር ትሳተፋለህ? ትሳተፊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ እንደ አለርጂ ጥያቄ ሁሉ ልማድ ሊሆን ይገባል። በተለይ የሚከተሉት ጥንቃቄ ይሻሉ።

1. ፉሮሰማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሌሎች የሽንት ማሸኛ መድኃኒቶች፤ ሌላ ቅመም ለመሸፈን ስለሚያገለግሉ በማንኛውም ጊዜ ክልክል ናቸው።

2. ኢንሱሊን በማንኛውም ጊዜ ክልክል ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ስፖርተኛ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

3. በመርፌ የሚሰጡ ግሉኮኮርቲኮይዶች፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰጡትን ጨምሮ፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በውድድር ጊዜ ተከልክለዋል። ትራማዶልም ከ2024 ጀምሮ እንዲሁ።

4. የሚሳብ ሳልቡታሞል በ24 ሰዓት ከ1,600 ማይክሮግራም፣ በማንኛውም 8 ሰዓት ውስጥም ከ600 ማይክሮግራም እስካላለፈ ይፈቀዳል። በእንክብል መልክ ግን ክልክል ነው።

5. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ከሆስፒታል ሕክምና፣ ከቀዶ ሕክምናና ከምርመራ ውጭ የተከለከለ ዘዴ ነው። ድካም ለማስወገድ ተብሎ የሚሰጥ ግሉኮስ ከዚሁ ይመደባል።

6. በጫት ውስጥ የሚገኙት ካቲኖንና ካቲን በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት አነቃቂዎች መካከል ናቸው፤ ካቲን በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም ሲበልጥ ያስቀጣል።

ይህ ማለት ስፖርተኛ ሕክምና ይነፈገው ማለት አይደለም። ሌላ አማራጭ ሲታጣ ለሕክምና የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ። ሕይወት አድን ሕክምና ሲያስፈልግም ቅድሚያው ለሕይወት ነው፤ ፈቃዱ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። የሚያስፈልገው የምርመራው ውጤት፣ የታዘዘው መድኃኒት፣ መጠኑና ምክንያቱ በካርዱ ላይ በግልጽ መጻፉ ነው። በአንጻሩ ያለ ሕመም ኢፒኦ ወይም ቴስቶስትሮን የሚሰጥ ባለሙያ በሀገር ሕግ ከሚመጣበት ተጠያቂነት ሌላ፣ በስፖርቱ ሕግ ከአራት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ሊታገድ ይችላል።

ማጠቃለያ

አበረታች ቅመሞች ይፈቀዱ የሚለው ጥያቄ አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. በ2023 ቅመም የሚፈቀድበት የተለየ ውድድር ለማካሄድ መታቀዱ ይፋ ሲሆን፣ የሐሳቡ ባለቤቶች ዋነኛ ማረጋገጫ አድርገው ያቀረቡት የሐኪም ክትትልን ነው። ከላይ እንደታየው ግን ሕክምና ይህን ማረጋገጫ ለመስጠት የሚያበቃ ማስረጃ በእጁ የለም። የ50 በመቶው ገደብ ግብ ሆኖ ቀርቷል፤ የምሥራቅ ጀርመን ሐኪሞች ቁጥጥርም ጉዳቱን መዘገበ እንጂ አላስቀረም። ክልከላው በበኩሉ ንጹሕን ከጥፋተኛ ሳይለይ የሚቀጣበት ጊዜ አለ፤ ይህም ሊታረም ይገባዋል። ማረሚያው ግን ፈቃድ አይደለም፤ አብዛኛው ከሕክምና ክፍል የሚጀምር ነው። መድኃኒት ለታመመ ይታዘዛል። ያልታመመው ሯጭ መርፌ ፈልጎ ሲመጣ፣ አይሆንም የሚለው የመጀመሪያው ሰው የጤና ባለሙያው ከሆነ፣ የሽንት ናሙናና ፍርድ ቤት የሚመለከቱት ጉዳይ ያነሰ ይሆናል።